መቆለፊያ ሲበዛ

ኤቢሴ ያን ዕለት ጠዋት ከአየር ጤና ወደ ሰበታ የተሳፈረችው ሦስት ሚኒባሶች ካመለጧት በኋላ ነበር። አራተኛው ላይ አንድ ወንበር ብቻ ስለቀረ ተሯሩጣ ገባችና ግራጫ ካፖርት ከደረቡ አንድ አዛውንት አጠገብ ተቀመጠች። ካመለጧት በአንዱ ሄዳ ቢሆን ኖሮ ጉዳይዋን በአሥር ደቂቃ ጨርሳ ወደ መጣችበት ትመለስ ነበር፤ የአንድ ሽማግሌ ሰው እንጀራም በዚያው ቀን ይቋረጥ ነበር።

ኤቢሴ የሱሉልታ ልጅ ናት። ዩኒቨርሲቲ ገብታ የኮምፒውተር ትምህርት ተምራ በማዕረግ ከተመረቀች አምስት ዓመቷ ነው። ቡራዩ ውስጥ ለፋብሪካዎችና ለንግድ ድርጅቶች የጥበቃ ሶፍትዌር በሚሠራ አንድ ኩባንያ ተቀጥራለች። የጥበቃ ሶፍትዌር ማለት ኮምፒውተር ውስጥ ተቀምጦ፣ ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ማን ምን ፈቀደ እያለ የሚመዘግብና የማያውቀውን የሚከለክል ረቂቅ ዘበኛ ነው። የእሷ ሥራ ለዚህ ዘበኛ በየጊዜው አዳዲስ ችሎታ መጨመር ነው፤ እነሱ በሥራ ቋንቋቸው «ፊቸር» ይሉታል። ስትቀጠር ሶፍትዌሩ ዘጠኝ ፊቸር ነበረው፤ አሁን አርባ ስድስት አለው። ከነዚህ ውስጥ ሃያ ሁለቱን ያሰበችውም የሠራችውም እሷ ናት። ኩራቷም ይኸው ነበር።

ሚኒባሱ ዓለም ገናን አልፎ ሲሄድ አዛውንቱ ስልካቸውን አውጥተው ወደ እሷ ዘንበል አሉ።

«አካም ቡልቴ፣ ልጄ፣ እንዴት አደርሽ? ይሄ ስልክ መልእክት አልቀበል አለኝ። ልጆቼ ሞልቶ ነው ይሉኛል። እስቲ የማይረባውን አጥፊልኝ።»

«ነጋ፣ ደህና ነኝ አባቴ፤ እሺ» ብላ ተቀበለቻቸው። ሳጥኑን ስትከፍተው አራት መቶ አሥራ ሁለት መልእክት ተደርድሯል። ሁሉም አንድ ዓይነት ነው፤ ባለ ስድስት አሃዝ ቁጥር፣ ከሥሩም «ይህ ቁጥር ከስድሳ ሴኮንድ በኋላ አይሠራም» የሚል የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር። ኤቢሴ ደንገጥ አለች። ያንን ዐረፍተ ነገር የጻፈችው ራሷ ናት።

«ምንድን ናቸው እነዚህ?» አለች፣ እያወቀች።

«የመሥሪያ ቤታችን ኮምፒውተር ነው የሚልከው። ማን ነህ እያለ ይጠይቀኛል። ሃያ ስድስት ዓመት አንድ መጋዘን ውስጥ ስሠራ ሰው ማን ነህ ብሎኝ አያውቅም፤ ይሄ ግን ሲለው በቀን ሃያ ጊዜ ይጠይቀኛል» አሉና ሳቁ። ሳቃቸው ምሬት አልነበረውም፤ ድካም ግን ነበረው።

«ለደኅንነት ብለው ይሆናላ።»

«ይሆናል። የሠራውን ሰው ባገኘው አንድ ነገር ብቻ እጠይቀው ነበር።»

«ምን ብለው?»

«‹ልጄ፣ መጋዘን ገብተህ ታውቃለህ?› ብዬ።»

ኤቢሴ አንገቷን ደፍታ መልእክቶቹን ማጥፋት ቀጠለች። የተማረ ሰው ስሕተቱን በመጽሐፍ ቢያገኘው አርሞት ያልፋል፤ በማያውቀው ሰው አፍ ሲሰማው ግን መጀመሪያ የሚሻው መደበቂያ ነው።

ሰበታ ሲደርሱ ሁለቱም አንድ ቦታ ወረዱ፤ ሁለቱም ወደ አንድ ግቢ አመሩ። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ የሳሙና ፋብሪካ ነው። በሩ ላይ ዘበኛው ስሟንና የመጣችበትን ድርጅት ሲጠይቃት ከመናገር ሌላ ምርጫ አልነበራትም። አዛውንቱ ከኋላዋ ቆመው ሰሙ።

«ለካ አንቺ ነሽ» አሉ በረጋ ድምፅ። «እንግዲያው ጥያቄዬን ሰምተሻል። ገርባ እባላለሁ።»

ኤቢሴ አሁን ይበልጥ ደነገጠች። በቦርሳዋ የያዘችው ወረቀት ላይ የተጻፈው ስም ይኸው ነበርና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዘጠኝ ቀን በፊት፣ በምሳ ሰዓት፣ ሁለት መቶ ካርቶን ሳሙና የጫነ አንድ መኪና በሐሰተኛ የመውጫ ፈቃድ ከግቢው ወጥቶ ጠፍቷል። ፈቃዱ የታተመው ከመጋዘኑ ኮምፒውተር ነው፤ የፈቀደው ሰው ተብሎ የተመዘገበውም የመጋዘን ኃላፊው ኦቦ ገርባ ናቸው። የዲሲፕሊን ኮሚቴው ዛሬ ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ ይሰበሰባል። ኤቢሴ የተጠራችው የኮምፒውተሩን መዝገብ አንብባ እንድትመሰክር ነበር።

የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ አቶ ሁንዴ በአክብሮት ተቀበሏት። «ብዙ አናደክምሽም» አሏት። «ፈቃዱ በማን ስም እንደወጣ ይህን ቅጽ ሞልተሽ ፈርሚ። ኦቦ ገርባ መልካም ሰው ናቸው፤ እኔም ከልቤ አዝናለሁ። ግን ማሽን አይዋሽም።»

ኤቢሴ እስክሪብቶውን አነሳች። «ማሽን አይዋሽም» የሚለውን ቃል እሷም ለደንበኞች ስትናገረው ኖራለች። ዛሬ ግን ከሌላ ሰው አፍ ሲወጣ ጎረበጣት። እስክሪብቶውን መልሳ አስቀመጠችው።

«አቶ ሁንዴ፣ ቢፈቅዱልኝ እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ መጋዘን ልዋል። ከዚያ እመሰክራለሁ።»

«መጋዘን? እዚያ ምን አለ?»

«እሱን ነው የማላውቀው» አለች።

መጋዘኑ ረጅም፣ በቆርቆሮ የተሠራ፣ ጣሪያው ከፍ ያለ አዳራሽ ነው። በአንድ በኩል ለገበያ የተዘጋጀ ሳሙና፣ በሌላው በኩል ሳሙና የሚሠራበት የኮስቲክ ሶዳ ጆንያ ተቆልሏል። በሩ አጠገብ በመስታወት የተከለለች ጠባብ ክፍል አለች፤ ኮምፒውተሩ እዚያ ነው። ኦቦ ገርባና ትህትና የምትባል ከሆሳዕና የመጣች ወጣት ጸሐፊ ይሠሩበታል። ኮምፒውተሩን ግን የሚነካው ሁለቱ ብቻ አልነበሩም፤ ከጫኞች አለቃ ጀምሮ ሰባት ሰው በኦቦ ገርባ ስም ይጠቀምበታል።

«ዛሬ እንደ ደንቡ ይሥሩልኝ» አለች ኤቢሴ። «አንድም ነገር ሳይዘሉ።»

ኦቦ ገርባ ትህትናን አዩና ፈገግ አሉ። «እንግዲህ ሾፌሮቹ ይስደቡን» አሉ።

የመጀመሪያው መኪና ወደ ጫንጮ የሚሄድ ነበር። ኦቦ ገርባ አሥራ አራት ፊደልና ምልክት ያለውን የይለፍ ቃል ግድግዳው ላይ ከተለጠፈ ካርቶን እያዩ በአንድ ጣታቸው ለቅመው አስገቡ። ኮምፒውተሩ አሻራ ጠየቀ። ጣታቸውን አሳረፉ፤ አላወቃቸውም። በሱሪያቸው ጠርገው ደገሙ፤ አላወቃቸውም።

«መሣሪያው ተበላሽቶ ይሆን?» አለች ኤቢሴ።

ኦቦ ገርባ እጃቸውን ዘርግተው አሳዩዋት። የጣቶቻቸው ጫፍ እንደ ሸክላ ለስልሷል። «ሶዳው ነው፣ ልጄ። ሃያ ስድስት ዓመት ጆንያ ስቆጥር አሻራዬን በልቶታል። የጫኞቹም እንዲሁ ነው። እዚህ ቤት አሻራ ያላት ትህትና ብቻ ናት፤ እሷም ገና ሁለት ዓመቷ ስለሆነ ነው።»

አሻራው እምቢ ሲል ኮምፒውተሩ ወደ ስልካቸው ቁጥር ላከ። ስልኩ ግን ዝም አለ፤ ከቆርቆሮው ሥር ኔትወርክ አይገባም። ኦቦ ገርባ ስልኩን ከፍ አድርገው ይዘው እስከ ዘበኛው በር ሄዱ። ቁጥሩ እዚያ ደረሳቸው። ተመልሰው እስኪያስገቡት ስድሳ ሴኮንዱ አለፈ። ሾፌሩ ጥሩንባውን አስጮኸ። ሁለተኛ ሄዱ። በሦስተኛው ትህትና በር ላይ ቆማ ቁጥሩን ጮኻ ነገረቻቸው፤ ግቢው ሁሉ ሰማው። ፈቃዱ ወጣ። ሁለተኛው መኪና ወደ ሚዛኑ ሲጠጋ ደግሞ ኮምፒውተሩ አምስት ደቂቃ አልነካችሁኝም ብሎ ራሱን ዘግቶ አገኙት።

እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ አራት መኪና ብቻ ወጣ። በዘወትሩ ቀን እስከዚያ ሰዓት አሥራ አንድ ይወጣ ነበር። በዚህ መሐል የኮምፒውተሩ ስክሪን ጥግ ላይ ቀይ ማስጠንቀቂያዎች ብቅ ጥልቅ ይላሉ፤ ትህትና ሳታነብ ትዘጋቸዋለች።

«ለምን አታነቢያቸውም?» አለቻት ኤቢሴ።

«የኔ እህት፣ በቀን ስድሳ ምናምን ይመጣል። ዛሬ ቅዳሜ አይደለም ብሎም ያስጠነቅቃል። ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው፤ አንዱን አንብቤ እስክረዳ ሌላው ይደርሳል። መጀመሪያ ሰሞን አነብ ነበር፤ ሁሉም ውሸት ሲሆንብኝ ተውኩት።»

ኤቢሴ ላፕቶፗን ከፍታ የዚያን ቀን መዝገብ አወጣች። መኪናው የጠፋበት ቀን ስድሳ ሦስት ማስጠንቀቂያ ወጥቷል። አርባ አንደኛው «በትእዛዝ መዝገብ ውስጥ የሌለ ጭነት ፈቃድ እያገኘ ነው» ይላል። ሶፍትዌሩ ሌባውን አይቶታል። ጮኾም ተናግሯል። ግን ቀኑን ሙሉ ሲጮኽ ስለዋለ የሰማው የለም።

ለምሳ ሥራ ሲቆም ኤቢሴና ኦቦ ገርባ ከመጋዘኑ ውጭ ጥላ ሥር ተቀመጡ። ኤቢሴ እንዲህ ስትል ጀመረች።

«ኦቦ ገርባ፣ አይቆጡኝና አንድ ነገር ልበል። ያየሁት አሳዝኖኛል። ቢሆንም የይለፍ ቃልን በካርቶን ጽፎ ግድግዳ ላይ መለጠፍ፣ ኮምፒውተሩን በአንቱ ስም ከጠዋት እስከ ማታ ከፍቶ መተው፣ ቤት ቆልፎ ቁልፉን በሩ ላይ ሰክቶ መሄድ ነው።»

«ልክ ብለሻል፤ ጥፋት ነው። ጥፋቴን ኮሚቴው ፊትም አልክድም። ግን መቼ እንደለጠፍነው ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«መጀመሪያ ሲገባ አልለጠፍንም። ቃሏ አጭር ነበረች፤ በልቤ ይዣታለሁ። አንድ ቀን በየወሩ ቀይሩ የሚል መጣ። እሺ አልን። አሥራ አራት ፊደል ይሁን አለ። እሺ። ያለፉትን አሥር ቃሎች መድገም አይቻልም አለ። ያኔ ነው ካርቶን የፈለግነው። ቀጥሎ አሻራ መጣ፣ ቀጥሎ ስልክ፣ ቀጥሎ በአምስት ደቂቃ መዝጋት። ያኔ ነው እንዳይዘጋ ኪቦርዱ ላይ ሳሙና ጭነን ከፍተን መተው የጀመርነው።»

ኤቢሴ እያንዳንዱ መቼ እንደተጨመረ ታውቃለች። አብዛኛው የተጨመረ ቀን ቢሮ ውስጥ ኬክ ተቆርሷል።

«ግን እያንዳንዱ ምክንያት አለው እኮ» አለች። «አጭር ቃል በቀላሉ ይገመታል። ቃል ብቻ ከሆነ ደግሞ የሰረቀ ሁሉ ይገባል። የተከፈተ ኮምፒውተር አላፊ አግዳሚው ይጠቀምበታል፤ እንደሆነውም ሆነ። ከነዚህ የትኛውን ስሕተት ነው ይሉኛል?»

«አንዱም ስሕተት አይደለም። ችግሩ እሱ ነው» አሉ ኦቦ ገርባ። «አንድ ነገር ላጫውትሽ። ከዓመታት በፊት እዚህ በር ላይ ፈታሽ አንድ ብቻ ነበር፤ ዱቤ የሚባል ሰው። መርፌ አያሳልፍም። አለቆቻችን ጥበቃው ይጠንክር ብለው አራት አደረጓቸው። አንዱ በር ላይ፣ አንዱ ሚዛን ላይ፣ አንዱ መጋዘን፣ አንዱ መውጫ። ከዚያ በኋላ ነው ዕቃ መጥፋት የጀመረው። የመጀመሪያው ሌላው ይፈትሸዋል ይላል፤ የመጨረሻው ሌላው ፈትሾታል ይላል። ሠራተኛውም አራት ጊዜ ኪሱ ሲበረበር ሰልችቶት በአጥር ቀዳዳ መውጣት ጀመረ። ማር ሲበዛ ይመራል ይባል የለ?»

ኤቢሴ ቀና ብላ «እሺ፣ መፍትሔው ምንድን ነው ይላሉ?» ስትል ጠየቀች።

«እኔን ከጠየቅሽኝ፣ ወረቀትና ማኅተም ይበቃን ነበር።»

«ማኅተም ተጭበርብሮ አያውቅም?»

ኦቦ ገርባ መሬት መሬት አዩ። «ተጭበርብሯል» አሉ። «አንድ ጊዜ አንድ ሰው ማኅተማችንን ጎማ ላይ ቀርጾ ሙሉ መኪና አስወጣበት።»

«ማን እንደሆነ ታወቀ?»

«አልታወቀም። ሦስት ሰዎች ተባረሩ። አንደኛው ጓደኛዬ ነበር፤ ተረፈ ይባላል። እጁ ንጹሕ እንደነበር በልጆቼ እምላለሁ። የሚመሰክርለት ግን አልነበረም።»

«አዩ ኦቦ ገርባ» አለች ኤቢሴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «መዝገቡ ሰውን ለመክሰስ ብቻ አይደለም የተሠራው። ንጹሑን ሰው ነፃ ለማውጣትም ነው። ለአቶ ተረፈ ያኔ መዝገብ ቢኖር ኖሮ ይመሰክርላቸው ነበር። ለአንቱም ዛሬ ይመሰክርልዎ ነበር። ግን ስምዎን ለሰባት ሰው አዋሱት። ሰባት ሰው የለበሰውን ካፖርት የማን ነው ቢባል ማን ይለየዋል?»

«እኔ ደግነት መስሎኝ ነበር» አሉ ሽማግሌው። «ልጆቹ እንዳይንገላቱ ብዬ።»

«ደግነት ነው። ግን ለሌባውም ደረሰው።»

ኦቦ ገርባ ራሳቸውን ነቀነቁ። በዕድሜ የገፋ ሰው ከልጅ አፍ የወጣውን እውነት ሲቀበል ማየት መልካም ነገር ነው፤ ክብሩ አይቀንስም፣ እንዲያውም ይጨምራል። «ኤዬ፣ ልክ ነሽ» አሉ። «መዝገቡ ይኑር። እያንዳንዱ በገዛ ስሙ ይግባ። እንድንገባ ግን አድርጊን።»

«ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል ይባላል አይደል?» አለች ኤቢሴ እንደ መፍካት ብላ። «ሁለት ማረጋገጫ ያስፈልጋል፤ ከሁለቱ ማነስ የለበትም።»

«ተረቱ ሁለት ነው ያለው» አሉ ኦቦ ገርባ። «አንቺ የተከልሽው ዱር ነው።»

ሁለቱም ከልብ ሳቁ።

ስምንት ሰዓት ላይ ኮሚቴው ተሰበሰበ። አቶ ሁንዴ ቅጹን ወደ ኤቢሴ ገፋ አደረጉ።

«በመዝገቡ ላይ የማን ስም ነው ያለው?»

«የኦቦ ገርባ ነው» አለች።

«እንግዲህ አለቀ።»

«አላለቀም፣ አቶ ሁንዴ። መዝገቡ ስም ጻፈ እንጂ እጅ አላየም። ፈቃዱ ሲታተም ኦቦ ገርባ ሶዳ ሲረከቡ ነበር፤ ዛሬ ከመጋዘኑ ፋይል ያገኘሁት፣ የአቅራቢው ሠራተኛ ሰዓቱን ጽፎ የፈረመበት ወረቀት ይኸው። ኮምፒውተሩ በእሳቸው ስም ተከፍቶ የዋለው ደንቡን ጠብቆ መሥራት ስለማይቻል ነው። ዛሬ ጠዋት ደንቡን ጠብቀን ሠራን፤ ከአሥራ አንድ መኪና አራት ብቻ ወጣ። እንደኛ ሶፍትዌር ከሆነ እናንተ ፋብሪካ መዝጋት አለባችሁ፤ እንደናንተ ሥራ ከሆነ ደግሞ የኛን ሶፍትዌር መዝጋት አለባችሁ። ሠራተኞቹ የመረጡት ሁለተኛውን ነው። ሶፍትዌራችን ሌባውን አይቶ ነበር፤ በስድሳ ሦስት ጩኸት መሐል ግን አንዱ ጩኸት አይሰማም። ይህ የእኔ ጥፋት ነው። የሠራሁት እኔ ነኝ።»

 ኤቢሴ ይህን በመናገሯ ኩባንያዋ ውሉን ሊያጣ፣ እሷም ሥራዋን ልታጣ እንደምትችል ታውቃለች።

ቀጥሎ ኦቦ ገርባ ተነሡ። «እኔም ጥፋት አለብኝ» አሉ። «ስሜን ሳልጠብቀው ቀርቻለሁ። መከልከል ሲገባኝ፣ ወይም እዚህ መጥቼ አልቻልንም ብዬ መናገር ሲገባኝ፣ ዝም ብዬ በዘዴ ሠራሁ። ቅጣት የሚገባኝን ልቀጣ። ሌባ ግን አይደለሁም።»

አቶ ሁንዴ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። አስተዋይ ሰው ናቸው፤ የጠፋው ሳሙና ቢያበሳጫቸውም ከእውነት ጋር ጸብ የላቸውም። ኮሚቴው ተማክሮ የታሰበውን ስንብት በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ለወጠው። ለኤቢሴ ኩባንያም አንድ ወር ሰጡ። «በአንድ ወር ውስጥ ሰው የሚሠራበት ሶፍትዌር አምጪ» አሏት። «ካልሆነ ወደ ሌላ እንሄዳለን።»

በማግሥቱ ቡራዩ ቢሮ ውስጥ የኩባንያው ባለቤት፣ እውነቱ የሚባል ሰው፣ ነገሩን ሰምቶ ተበሳጨ። እውነቱ ገና አርባ ዓመት ያልሞላው፣ ብርቱ ነጋዴ ነው።

«ኤቢሴ፣ ጨረታ እንዴት እንደሚሄድ አንቺ ታውቂያለሽ» አለ። «ገዢው ዝርዝር ይዞ ይመጣል። ይሄ አላችሁ? ያኛውስ? ምልክት ያደርጋል። ተፎካካሪዎቻችን አርባ አላቸው፣ እኛ አርባ ስድስት። አሸነፍን። አሁን ቀንሺ ትይኛለሽ?»

«ገዢው ዝርዝሩን የሚያየው አንድ ጊዜ ነው። ተጠቃሚው ግን በቀን ሃያ ጊዜ ያየዋል። የሚያሰናብተን ደግሞ ተጠቃሚው ነው። እኔም እንዳንተ ስቆጥር ነበር፣ እውነቱ። አንድ ጠዋት ብቻ ስጠኝ።»

«ለምን?»

«ሰበታ እንሂድ። አንተ ራስህ አንድ መኪና አስወጣ።»

እውነቱ እየሳቀ ሄደ። የጫኞችን ጓንት አድርጎ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ። ከውጭ አንድ አይሱዙ ጥሩንባውን ለቀቀው። የይለፍ ቃሉን ሦስት ጊዜ ተሳሳተ፤ ሶፍትዌሩም የገዛ ባለቤቱን ሌባ ነህ ብሎ ለአሥራ አምስት ደቂቃ ቆለፈበት። ጫኞቹ በሳቅ ፈነዱ። እውነቱም መጀመሪያ አብሯቸው ሳቀ፤ አምስት ደቂቃ ሲያልፍ ሳቁን አቆመ፤ አሥረኛው ደቂቃ ላይ ተነሥቶ በመጋዘኑ ውስጥ ይንጎራደድ ጀመር። ወደ ቡራዩ ሲመለሱ ግማሽ መንገድ ላይ ወደ እሷ ዞሮ «ስንት ሰው ትፈልጊያለሽ?» አላት።

ኤቢሴ አርባ ስድስቱን ሁሉ አልጣለችም። አዲስ ነገር በራሱ ጠላት አይደለምና፤ ሌባውም በየቀኑ አዲስ ዘዴ ይማራል። ሸክሙን ግን ከሰው ትከሻ አውርዳ በማሽኑ ላይ ጫነችው። ማጣራቱን፣ ማመሳከሩን፣ ሰዓት መቁጠሩን ኮምፒውተሩ ሰው ሳይጠይቅ ከጀርባ ይሥራው አለች። ሠራተኛው የሚያየው ስድስት ነገር ብቻ ሆነ። መግቢያው ለእያንዳንዱ ሠራተኛ በስሙ የተሰጠ ካርድና አራት አሃዝ ቁጥር ነው። ካርዱ የጠፋበት ቁጥሩ ይቀረዋል፤ ቁጥሩ የተሰረቀበት ካርዱ ይቀረዋል፤ ሌባው በአንዱ ብቻ አይገባም። ካርዱን አንስቶ የሄደ እንደሆነ ኮምፒውተሩ ወዲያው ይዘጋል፤ ተመልሶ ሲመጣ በአፍታ ይከፈታል። ማስጠንቀቂያው ደግሞ በእውነት አደጋ ሲኖር ብቻ፣ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ፣ ምን እንደሆነና ምን መደረግ እንዳለበት በሁለት መስመር ይናገራል። ከቢሮውም አንድ ደንብ ወጣ፤ ማንኛውም አዲስ ፊቸር የሚጠቀምበት ሰው በሚሠራበት ቦታ ሆኖ ሳይሞክረው አይጨመርም።

የመጀመሪያው ሙከራ ጥሩ አልሄደም፤ ካርዶቹ በሳሙና ዱቄት ተሸፍነው አላነብ አሉ። ኦቦ ገርባ ደውለው ነገሯት፤ በላስቲክ የተሸፈነ ካርድ ተሠራ። ሁለተኛው ሠራ።

በግንቦት ወር አንድ ቀን፣ ልክ እንደ በፊቱ በምሳ ሰዓት፣ የተጫነ መኪና መውጫው ጋ ቀረበ። ትህትና ፈቃድ ልትሰጥ ስትል «ይህ ጭነት በትእዛዝ መዝገብ የለም። መኪናውን አቁሙ፤ ለሽያጭ ክፍል ደውሉ» የሚል ጽሑፍ ወጣ። በዚያ ሳምንት የመጣ የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ነበር፤ ስለዚህ አነበበችው። ሾፌሩን በፈገግታ «አንዴ ወረቀቱ ይስተካከል» አለችና በሩን አስዘጋች። ከሾፌሩ ጎን የተቀመጠው ሰው ከዓመት በፊት ከፋብሪካው የለቀቀ የጭነት ተቆጣጣሪ ሆኖ ተገኘ። ፖሊስ ሲጠይቀው የፊተኛውንም ሁለት መቶ ካርቶን አመነ። ኮምፒውተሩን በኦቦ ገርባ ስም እንደተከፈተ አግኝቶት ነበር።

ያን ቀን ኦቦ ገርባ ለኤቢሴ ደወሉላት።  «ስሜ ጠራ» አሉ። «ገለቶሚ፣ ልጄ፣ አመሰግናለሁ።» ኤቢሴም ስልኩን ዘግታ ብቻዋን አለቀሰች፤ ለምን እንደሆነ ግን ለሥራ ጓደኞቿ መናገር አልቻለችም።

ከዚህ ለውጥ የተጠቀመው አንድ ሰው አይደለም። ፋብሪካው ንብረቱን ጠበቀ፤ ሾፌሩ መንገዱን በጊዜ ጀመረ፤ ሠራተኛው በገዛ ስሙ ስለሚገባ የሌላው ጥፋት አይደርስበትም። የእውነቱ ኩባንያም የፊቸር ብዛት መቁጠሩን ትቶ «መጋዘን ውስጥ የተፈተነ» እያለ ሲሸጥ ደንበኛው በዛ። ጥበቃ የሚለካው በመቆለፊያው ብዛት ሳይሆን ሰው ሳይሰለች ሊቆልፈው በመቻሉ እንደሆነ፣ ተምሮ ያወቀውም ሠርቶ ያወቀውም አብረው ተረዱት።

በዚያው ክረምት መግቢያ ፋብሪካው ሱሉልታ ላይ ሁለተኛ መጋዘን ከፈተ። አዲሶቹን ሠራተኞች እንዲያሠለጥኑ የተላኩት ኦቦ ገርባ ናቸው። ኤቢሴ ቤተሰቦቿን ልትጠይቅ እግረ መንገዷን ጎራ ስትል፣ አዛውንቱ በዘጠኝ ወጣቶች መሐል ቆመው ስለ ካርድና ስለ ቁጥር ሲያስተምሩ አገኘቻቸው። እንዳዩዋት ወደ ጎን ሳብ አደረጓት።

«ኤቢሴ፣ አንድ ሐሳብ መጥቶልኛል» አሉ ዓይናቸው እያበራ። «ኮምፒውተሩ መኪናው የት እንደደረሰ እየተከተለ በየሩብ ሰዓቱ ቢነግረን! ሾፌሩ ሲቆም ቢጮኽ፣ ሲሄድ ቢጮኽ፣ በር ሲከፈት ቢጮኽ…»

ኤቢሴ እጇን አጣምራ አዳመጠቻቸው። ከዚያ በአክብሮት ጎንበስ ብላ እንዲህ ስትል ጠየቀቻቸው።

«ኦቦ ገርባ፣ አይሱዙ ነድተው ያውቃሉ?»

ሽማግሌው፣ ወጣቶቹ ምን ሆኑ ብለው እስኪዞሩ ድረስ ሳቁ።

«አላውቅም» አሉ። «ነገ ከሾፌሮቹ ጋር ፍቼ ድረስ ሄጄ እመለሳለሁ። ከዚያ እንነጋገራለን።»